በጋሽ ሻዌኖ ዛፍ ላይ ከነስሜ የሰቀልኩት ቀፎ

ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ "ይሄ ደግሞ ለላይክ ብሎ ነው" እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ብሆን አላምንም ነበር!

ግን ስንት ስልክ ቀርጾታል መሰላችሁ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከባለጉዳዩ ስሙት ብዬ ነው። በችኮላ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ግድፈት ካያችሁ እለፉኝ።

ለአዳዲስ ፎሎወሮች፦ ብሩክ እባላለሁ። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ቦንጋ ላይ የጨርቅ ሱቅ የከፈተው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ስለዚህ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው። ፎቶ አነሳለሁ። "ቦንጋን በእግር" የሚለውን ይህን ገጽ አዘጋጃለሁ። ራሴን ደግሞ ጋይድ ብዬ እጠራለሁ።

ማን ጋይድ አደረገህ? እኔው ነኝ።

እንግዲህ እንደምታዩት የክልሉ የዞኖች ስፖርት ውድድር ዘንድሮ እኛ ከተማ ነው። ቱታ ያልለበሰ ሰው እንግዳ የሚመስልበት ሳምንት! አልጋ የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ምሳ ሰዓት ላይ መቀመጫ የለም። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ወረፋ በቡድን ነው የሚይዘው።

ዛሬ የእረፍት ቀን ነበር። ከአዘጋጆቹ አንዱ በቀደም ደውሎ "እንግዶቹን የአካባቢውን ምግብ፣ ባህልና ጫካ የሚያሳይልን ሰው ፈልገን..." ሲል አላስጨረስኩትም።

"እኔ አለሁ!"

እውነቱን ልናገር? ለእንግዶቹ ብዬ አይደለም። ለአስቴር አባት ብዬ ነው።

አስቴር የፍቅር ጓደኛዬ ናት። እዚሁ ቦንጋ ባዮሎጂ ታስተምራለች። አባቷ ጋሽ ሻዌኖ ከከተማው ወጣ ብሎ ጫካው ውስጥ፣ ማንኪራ ነው የሚኖሩት፤ ቡና አላቸው፣ ንብ ያነባሉ። የፊታችን እሁድ ደግሞ ሽማግሌ ልልክባቸው ነው። ሦስቱም ሽማግሌዎች ተመርጠዋል፤ ዋናው የአባቴ የሱቅ ጎረቤት ጋሽ ኑሩ ናቸው፤ እሳቸው የገቡበት ሽምግልና ወድቆ አያውቅም ይባላል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጋሽ ሻዌኖ እስከ ዛሬ ያዩኝ ሦስት ጊዜ ነው። በሦስቱም ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ ቃኝተውኝ "የከተማ ልጅ" ብለው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል።

አንድም ሌላ ቃል የለም! "የከተማ ልጅ።" በቃ።

እና ፕላን አወጣሁ። ጉብኝቱን ማንኪራ አደርገዋለሁ። ምግቡን የአስቴር እናት እትዬ ወርቄ ይሠራሉ፣ የሰፈሩ አዛውንቶች ከበሮ ይመታሉ፣ እኔ መሐል ቆሜ ለአገር ምድሩ አስረዳለሁ። ጋሽ ሻዌኖ ይህን ያዩና "ለካ ይሄ ልጅ አገር ያውቃል!" ይላሉ። እሁድ ሽማግሌዎቼ ሲደርሱ በሩ ወለል!

ሥራዬን በወጉ ነው የጀመርኩት፣ ሙት አልዋሽም። እትዬ ወርቄን ሄጄ ጠየቅኩ፤ "ምን ችግር አለ ልጄ" አሉኝ። ከበሮ መቺዎቹን ጠየቅኩ። መንገዱ በቡና ማሳቸው የሚያልፍባቸውን ሰዎች ሳይቀር አንድ በአንድ ጠየቅኩ።

ከዚያ ሰይጣን አንድ አይዲያ ሹክ አለኝ። የፎቶ ቦታ!

ቤቴ አንድ አዲስ ቀፎ ነበረኝ። የባህሉ ቀፎ፤ ረጅሙ፣ ድብልብሉ፣ ከቀርከሃ ተሠርቶ በቅጠል የሚጠቀለለው። ቢታ ገነት ገበያ አይቼው አምሮኝ ለስቱዲዮዬ ማስጌጫ የገዛሁት ነው። ሻጩ ውስጡን በደንብ አጥኖት ስለነበር ቤቴ ደስ የሚል ሽታ ሸትቶ ከርሟል። "የት ልትሰቅለው ነው?" ብሎኝ "ለፎቶ ነው" ስለው፣ ሰውዬው ገንዘቤን ሊመልስልኝ ምንም አልቀረው።

ይህን ቀፎ ዛፍ ላይ ልስቀለው! ስፖርተኞቹ ከሥሩ ቆመው ሰልፊ ይነሱ! ሪባን አሰርኩለት።

እና... ፊቴን በአንድ እጄ ሸፍኜ ነው ይህን የምጽፈው... በነጭ ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል "ብሩክ፣ ቦንጋን በእግር" ብዬ ጻፍኩበት። ከነስልክ ቁጥሬ።

ብራንዲንግ ነዋ!

ትናንት ከሰዓት ማንኪራ ሄጄ ዛፍ መረጥኩ። ከእነ ጋሽ ሻዌኖ ቤት ትንሽ ዝቅ ብሎ የቆመ ግዙፍ ዛፍ ነው፤ ጥላው ሁለት ቡድን ከነተጠባባቂው ያስቀምጣል። ሥሩ ያለው ቡና ነጭ በነጭ አብቧል። ዛፉ ላይ አንድም ቀፎ የለም። አንድ ያረጀ ገመድ ብቻ ከላይ ተንጠልጥሏል።

"የልጆች ዥዋዥዌ ነው" አልኩ። ጋይዱ እኔ!

ከፍታ ስለምፈራ ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ላይ፣ ልክ በሰው ራስ ቁመት ሰቀልኩት። ለአስቴርም ትንፍሽ አላልኩም። ሰርፕራይዝ!

ዛሬ ጠዋት ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ስፖርተኛ መጣ። ከሚዛን በኩል የመጡ ሯጮች፣ ከታርጫ የመጡ የመረብ ኳስ ልጆች፣ ትናንት የተሸነፈ አንድ የእግር ኳስ ቡድን ከነኩርፊያው። ላይቭ ከፈትኩ። ጫካው ውስጥ የእግር ጉዞ ጀመርን።

ሯጭ ይዛችሁ ጉብኝት ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ "በስተቀኝ የምታዩት..." ስል እነሱ በስተቀኝ ያለውን አልፈው ኮረብታው ላይ ናቸው! የመጨረሻው ደራሽ ጋይዱ ሆነ። ላይቩን የምትከታተሉ ሰዎች የሰማችሁት የጫካ ንፋስ ሳይሆን የእኔ ትንፋሽ ነው።

ምግቡ ግን! የእትዬ ወርቄ ቆጮ ከነጎመኑ፣ ቅቤ ጠብ ሲል፤ ጎደሬው፣ ነጩ ማር፣ አረንጓዴው ዳጣ። ዳጣው ላይ ሌላ ውድድር ተጀመረ። ሁሉም ዞን "የእኛ ዳጣ ይበልጣል፣ ይሄ አያቃጥልም" ይላል፤ እንባው ግን በጉንጩ ይወርዳል። አንዱ በረኛ "ምንም አይልም" ብሎ ሲያበቃ ውሃ ፍለጋ ምንጩ ድረስ ሄዷል።

ከበሮው ሲመታ ደግሞ ያኮረፉት ኳስ ተጫዋቾች ትከሻቸውን ፈተው ገቡበት። አስቴር ከእናቷ ጋር ሆና እየሳቀች ታየኛለች። ጋሽ ሻዌኖ ብቻ የሉም፤ ወፍጮ ቤት ሄደዋል፣ ይመለሳሉ ተባልኩ።

ሁሉም እንዳሰብኩት ነበር፣ እናንተዬ። አሥር ከአሥር!

"አሁን ደግሞ የዕለቱ ሰርፕራይዝ!" ብዬ ሁሉንም ወደ ዛፉ ነዳኋቸው።

እልል! ጭብጨባ! ሰልፊ! የመረብ ኳሶቹ ቀፎውን አቅፈው፣ ሯጮቹ ከሥሩ ተንበርክከው። ስሜ በሁሉም ፎቶ ላይ አለ። ደስታዬን አልቻልኩትም።

ከበሮው ቆመ።

ዞር ስል አዛውንቶቹ ቀፎውን አፍጠው ያያሉ። አንዱ ለሌላው በካፊኖኖ ቋንቋ የሆነ ነገር አለው። ያኛው አፉን ያዘ። እኔ ታዲያ "ባህላቸውን በማክበሬ ልባቸው ተነክቶ ነው" ብዬ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሳሁ!

አዎ። እጅ ነሳሁ።

አንደኛው ቀረብ ብለው "ልጄ፣ ጋሽ ሻዌኖ ዛፉን ሰጡህ እንዴ?" አሉኝ።

"የምን ዛፍ?"

እዚህ ላይ ለማታውቁት ላስረዳ። በእኛ ጫካ ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ባለቤት አለው። ከአባት ለልጅ ይወርዳል። ዛፉ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በተሰቀለው ቀፎ ነው፤ ቀፎ የሰቀለ "ይሄ የእኔ ነው" ማለቱ ነው። በሰው ዛፍ ላይ ሳያስፈቅዱ ቀፎ መስቀል፣ ከተማ ውስጥ ሰው ግቢ ገብቶ ቤት እንደ መሥራት ነው። በዚህ የተነሳ ዘመድና ዘመድ ተኮራርፎ ቀርቷል።

እና ይህን አላውቅም ነበር? አሳፋሪው ነገር እሱ ነው። አውቃለሁ! ወደ ኋላ ሄዳችሁ ገጼን እዩት፤ "በካፋ ጫካ ባለቤት የሌለው ዛፍ የለም" ብዬ ከነፎቶው ፖስት አድርጌያለሁ። ልብ ሰጥታችሁኛል!

ለቱሪስት የምነግረውን ለራሴ አልነገርኩትም።

ያ ዛፍ ደግሞ የጋሽ ሻዌኖ ነው። ከአባታቸው የወረሱት። ዥዋዥዌ ያልኩት ገመድ እሳቸው የሚወጡበት ነው። አሮጌ ቀፎዎቻቸውን አውርደው አዲስ ሊሰቅሉ እየተዘጋጁ ነበር። ቀደምኳቸው!

"አውርደው፣ ቶሎ አውርደው!" ስትል አስቴር ሰማሁ። ፊቷ አመድ መስሏል።

ዘግይቷል። ጋሽ ሻዌኖ ዱቄታቸውን ተሸክመው መንገዱ ላይ ቆመዋል።

ዱቄቱን አወረዱ። ቀስ ብለው ወደ ቀፎው መጡ። አልጮኹም። ጠጋ ብለው፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ በሰው ሁሉ ፊት ማንበብ ጀመሩ።

"ብ... ሩክ። ቦንጋን... በእግር።"

ሪባኑን በጣታቸው ገፋ አደረጉት።

ከዚያ ስልክ ቁጥሬን! እያንዳንዷን ቁጥር! "ዜሮ... ዘጠኝ..." ላይቩ ክፍት ነው! ኮሜንት ላይ የምትስቁት ሁሉ ይታየኛል! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

አንብበው ሲጨርሱ ቀፎው የተሰቀለበትን ቁመት በክንዳቸው ለኩና "ይሄ ለንብ ነው ወይስ ለዶሮ?" አሉ።

ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሳቀ። ያ በረኛ ሳይቀር!

እኔም አብሬ ልስቅ ሞከርኩ። ቀልድ ከሆነማ ተርፌያለሁ ብዬ። ግን እሳቸው አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ።

"ዛፌን ሳትጠይቀኝ ወሰድክ። እሁድ ልጄን ልትጠይቀኝ ነው ሲሉ ሰማሁ። እሷን ለመጠየቅ ታዲያ ለምን ትደክማለህ?"

ሳቁ ቆመ።

የደነገጥኩት ያኔ ነው። እስከዚያ የነበረው እፍረት ነበር፤ እፍረት ይለመዳል። ይሄኛው ግን ልቤን ቀጥ አደረገው። አስቴርን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። ሁለት ዓመት ሙሉ "አባባ ደግ ሰው ነው፣ ሳይጠይቁት ሲቀሩ ብቻ ነው የሚከፋው" ስትለኝ የነበረችው ልጅ።

እውነታቸውን ነበር። እትዬ ወርቄን ለጎመን ጠየቅኩ፣ አዛውንቶቹን ለከበሮ ጠየቅኩ፣ የማላውቀውን ሰው ለመንገድ ጠየቅኩ። እሳቸውን ግን ላስደንቃቸው እንጂ ልጠይቃቸው አስቤ አላውቅም። አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ።

"ይቅርታ ጋሽ ሻዌኖ፣ አሁኑኑ አወርደዋለሁ!" ብዬ ቀፎው ላይ ተጠመጠምኩ።

እና አንድ ድምፅ ሰማሁ።

ከበሮው እንደገና የጀመረ መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ ሞተር ሳይክል። ቀና ስል ከቡናው በላይ አንድ ጥቁር ነገር እየተጠቀለለ ይመጣል።

"እጅህን አንሳ! አትነቃነቅ!" አሉ ጋሽ ሻዌኖ።

ንብ! የንብ መንጋ!

ስፖርተኞቹማ እግሬ አውጪኝ! ትናንት አራተኛ የወጣው የሚዛን ልጅ እንደዚህ ቢሮጥ ኖሮ ወርቁ የእሱ ነበር። አሠልጣኙ አብሮት እየሮጠ "ይሄን ትናንት የት ደብቀኸው ነው?" ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የመረብ ኳሶቹ አውቶቡስ ውስጥ ገብተው መስኮት ዘጉ። እኔ በደረቴ ተኝቼ የጋሽ ሻዌኖን ጫማ አቅፌያለሁ።

ጀግናችሁ ይኸው!

እሳቸው ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ያያሉ። ንቦቹ ማንንም አልነኩም። ዛፉን ዞሩት፣ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ጥቁር ጋቢ ተሸፋፈኑ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ገቡ። የት? እኔ የሰቀልኩት ቀፎ ውስጥ! ሪባን በታሰረለት! ስልክ ቁጥር በተጻፈበት!

ቅድም የጠየቁኝ ከበሮ መቺ አዛውንት "ንብ የገባበት ቀፎ እንግዲህ አይወርድም" አሉ በለሆሳስ።

ጋሽ ሻዌኖ ሥሩ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸውን ማንበብ አልቻልኩም። ቆይተው፣ ለእኔ ሳይሆን ለዛፉ በሚመስል ድምፅ፣ "ሁለት ዓመት" አሉ። "ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ዛፍ ላይ ስሰቅል አንዲት ንብ አልመጣችልኝም።"

ኧረ በስመአብ! ለእሳቸው እምቢ ያለች ንብ ለእኔ የዶሮ ቆጥ! ይሄ ደግሞ የባሰ ጥፋት ሆነብኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ስለ ምኑ እንደምጠይቅ ጠፋኝ። "ንቦቹን ባስወጣቸውስ?" አልኩ።

እንዴት እንዳዩኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉና ፈረዱ። ቃል በቃል እነሆ፦

"ዛፉ የእኔ ነው። ቀፎው ያንተ ነው። ንቧን ማናችንም አልጠራናትም። ስለዚህ የእኩል ነን። ግን ይሄ ቀፎ እዚህ ዝቅ ብሎ አያድርም፤ አውሬ ይበላዋል። ዛሬና ነገ እጠብቀዋለሁ፤ ቅዳሜ ወደ ማምሻው መጥተህ ወደ ላይ ታወጣዋለህ። የሚያወጣው ባለቀፎው ነው።"

"ወደ ላይ... ምን ያህል ላይ?"

በጣታቸው አሳዩኝ። አንገቴን አቀናሁ፣ አቀናሁ፣ ኮፍያዬ ወደቀ።

የመጨረሻ ድፍረቴን ሰብስቤ "እሁድስ፣ ሽማግሌዎቹስ?" አልኩ።

"ማሩ ሳይቆረጥ ሽማግሌ አልቀበልም። ግንቦት ላይ እናያለን። እስከዚያ እየመጣህ ቀፎህን ጠብቅ።"

ይህን ብለው ዱቄታቸውን ተሸክመው ወደ ቤታቸው አመሩ። ትንሽ ሄደው ዞር አሉና "ቆጮ በልተሃል?" አሉኝ። አልበላሁም ነበር። "ግባና ብላ" አሉ። ገባሁ። በላሁ። ዳጣው አስለቀሰኝ፤ ዳጣው ነው ብያለሁ።

አውቶቡስ ውስጥ ስፖርተኞቹ አጨበጨቡልኝ። አሠልጣኙ ልጆቹን ከነገው ፍፃሜ በፊት እዚያ ዛፍ ሥር ላሟሙቃቸው ብሎ ፈቃድ ጠየቀኝ።

እኔን! ስለ ዛፉ!

አስቴር ከእኔ ርቃ ከኋላ ተቀመጠች። መናኸሪያው ጋ ስንወርድ ብቻ እጄን ያዘችና "አባባ ወንድሞቼን እንኳ ያን ዛፍ አስነክቷቸው አያውቅም" አለች።

"እና ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?" አልኳት።

"እኔ ምን አውቃለሁ! ሰው ዛፉ ላይ ሲወጣበት አይቼ አላውቅም" ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች፤ ከዚያ "እስከ ቅዳሜ ዛፍ መውጣት ተለማመድ" ብላኝ ሄደች።

ቤት ስደርስ ጋሽ ኑሩ ደጃችን ቆመው አገኘኋቸው። ላይቩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተውታል። የገቡበት ሽምግልና ሳይጀመር ሲቀር ይሄ የመጀመሪያቸው ነው። "ለእሁድ ሙሉ ልብሴን አሳጥቤ ነበር" አሉኝ፤ "አሁን ይቀመጥ ወይስ ወደ ሳጥኑ ይመለስ?"

 

የሠርግ ቀን ይቆረጥልኛል ብዬ ወጥቼ፣ ማር የምቆርጥበት ወር ተነግሮኝ ገባሁ። ከነገ ጀምሮ የሰው ዛፍ ጥላ ሥር ለማረፍም አስፈቅዳለሁ።

እስቲ ያገባችሁ ሰዎች ፍረዱኝ፤ እኔ ዛሬ ማንኪራ ላይ ተባረርኩ ወይስ ተዳርኩ?